የተበሳ ምላስ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ለጌጥ ብሎ ምላሱን የተበሳ ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ በአልኮል ተጉመጥመጥ ይላል። ሌላው ሳይመርዝህ አውልቀው ይላል። አንዷ ደግሞ ጨው አብዝታ በጥብጣ ታቀርባለች። ሁሉም ለደግ ነው፣ ግን ምላስን የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ከልክ ያለፈ እንክብካቤ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልያቸው።

«አፍ በጀርም የተሞላ ስለሆነ መመረዙ አይቀርም»

አፍ በባክቴሪያ መሞላቱስ እውነት ነው። ግን ምላስ ደም እንደ ልብ የሚደርሰው ጡንቻ ነው። ምራቅም ራሱ ባክቴሪያን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ምግብ ስትበሉ ምላሳችሁን ነክሳችሁ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ የረሳችሁበትን ጊዜ አስታውሱ። የተበሳ ምላስም ነገሩ ከሰመረለት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል። የላይኛውን የጆሮ ክፍል የተበሳ ሰው ወራት ሲጠብቅ ማለት ነው።

«ካላቃጠለ አያጸዳም»

ይቺ አባባል ብዙ ምላስ አሰቃይታለች። አልኮል ያለው የአፍ መጉመጥመጫና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ብቻ መርጠው አይነኩም። ቁስሉን ሊደፍን የሚሞክረውን አዲስ ሴልም ይጎዳሉ። ማቃጠሉ የጽዳት ምልክት ሳይሆን ቁስሉ መቆጣቱን የሚናገር ነው።

የሚበቃው ጨውና ውሃ ነው። አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ብቻ፣ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ በሚይዝ ኩባያ ንጹሕና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ፋርማሲ የሚሸጠው 0.9 በመቶ የጨው ውሃም ያው ነው። ምግብ ከተበላ በኋላና ማታ ከመተኛት በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል መጉመጥመጥ፣ ከዚያ መትፋት። በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ይበቃል። «ትንሽ ጨው ከጠቀመ ብዙ ጨው ይበልጥ ይጠቅማል» የሚል ካለ እጁን ያዙልኝ። የበዛ ጨው ቁስሉን ያደርቀዋል። መጉመጥመጥ የበዛበት ምላስ ደግሞ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ሽፋን ያወጣል። ያኔ ሰውየው ቆሸሸብኝ ብሎ ይደነግጥና ጭራሽ ይጨምርበታል።

የጥርስ ብሩሹ አዲስና ለስላሳ ይሁን። አሮጌው ብዙ ነገር ተሸክሟል።

«ካበጠ ኢንፌክሽን ነው»

ማበጡማ አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ቀናት ይብሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። በሺው (ምላሱን የሚበሳው ባለሙያ) መጀመሪያ ላይ ረጅም የጌጥ ዘንግ የሚያስገባው ለዚሁ እብጠት ቦታ ለመተው ነው። ከቀዳዳው የሚወጣው ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ቀጭን ፈሳሽም መግል አይደለም፤ የሚድን ቁስል የሚያወጣው ነው። ትንሽ በረዶ አፍ ውስጥ ይዞ ማሟሟት ያስታግሳል (ማኘክ የለም!)። ሲተኙም ትራስ ከፍ ማድረግ ነው። ለሕመሙ አይቡፕሮፌን የሚስማማው ሰው መውሰድ ይችላል። አስፕሪን ግን ደም የመፍሰስ ዕድሉን ስለሚጨምር ይቅር።

ኢንፌክሽን ሌላ መልክ አለው። ቀንሶ የነበረ እብጠት ተመልሶ ይነሳል። ሕመሙ በየቀኑ ይጨምራል። አረንጓዴ መሰል፣ ወፍራምና የሚሸት መግል ይወጣል። ትኩሳትም ሊመጣ ይችላል። ይሄኔ ሐኪም ዘንድ ነው። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ደግሞ ነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

«እንደመረዘ ጌጡን ማውለቅ ነው»

ትክክል ይመስላል፣ አይደለም። ዘንጉ ሲወጣ ቀዳዳው ቶሎ ይገጥማል፤ መግሉም ውስጥ ይታፈናል። መውጣት አለበት ወይ የሚለውን የሚወስነው ያየው ሐኪም ነው።

«ምላስ የተበሳ ሰው ኮልታፋ ሆኖ ይቀራል»

እብጠቱ እስኪወርድ ብቻ። ምላስ ቶሎ ይለምዳል።

«እብጠቱ ከወረደ አለቀ»

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። እብጠቱ ከወረደ በኋላ ያ ረጅም ዘንግ ሥራውን ጨርሷል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ በሺው ተመልሶ በአጭር ማስቀየር ያስፈልጋል። ሳይቀየር የቀረ ረጅም ዘንግ በየንግግሩ ጥርስ ይመታል፣ በጥርስ መሃል ገብቶ ይነከሳል፣ የታችኛውን ድድም ይፈገፍጋል። የተሸረፈ ጥርስ ይሞላል፤ የሸሸ ድድ ግን በራሱ አይመለስም። በጥርስ ይዞ መጫወት የለመደ ሰውማ በአጭሩ ዘንግም ራሱን ይጎዳል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አፍ ውስጥ ጌጥ ማድረግን ጨርሶ የማይመክረውም በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ምክንያት ነው።

ማስቀየሩን ግን በቤት ውስጥ አትሞክሩት። ገና ያልጠና የምላስ ቀዳዳ በሰዓታት ውስጥ ሊገጥም ይችላል፤ መስታወት ፊት አፍ ከፍቶ መታገል ይተርፋል።

«ሁለት ቀን ካለፈው መሳም ችግር የለውም»

አለው። የራስን ምራቅ ቁስሉ ይችለዋል፣ የሌላ ሰው ምራቅ ግን ሌላ ጀርም ይዞ ይመጣል። እስኪድን ድረስ መሳምም፣ በአፍ የሚደረግ ወሲብም፣ በአንድ ብርጭቆ መጠጣትም ይቆይ። ሲጋራና አልኮልም እንደዚሁ ማዳኑን ያጓትታሉ። የሚያቃጥልና የሚፋጅ ምግብ ለጥቂት ቀን ቢቀር ምላሱ ራሱ ያመሰግናል።

«ጌጡን በእጅ መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው»

በቆሸሸ እጅ፣ አዎ። ነገር ግን በዘንጉ ጫፍ ላይ ያሉት ኳሶች እንደ ብሎን እየዞሩ የሚታሰሩ ስለሆኑ በንግግርና በምግብ ይላላሉ። እጅን በሳሙና ታጥቦ በቀን አንዴ ጠበቅ ማድረግ ነው፣ በተለይ ማታ። አለዚያ ኳሱን ከቁርስ ጋር ውጣችሁት፣ ዘንጉን ትራሱ ላይ ታገኙታላችሁ።