ኢ.ሲ. ምንድን ነው? ያለ አፈር ለሚበቅል እንጆሪ ምግብ ሲሰጥ

እንጆሪ ያለ አፈር፣ ለምሳሌ ኮኮፒት በተሞላ ከረጢት ላይ ሲተከል፣ ምግቡ በሙሉ የሚደርሰው ከመስኖው ውሃ ጋር ነው። ኮኮፒት ከተፈጨ የኮኮናት ቅርፊት የሚዘጋጅ ነው፤ ተክሉን ሊመግብ የሚችል ብዙም ነገር የለውም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደሟሟ ማወቅ ግድ ነው። ይህን የሚያሳየው ልኬት ኢ.ሲ. (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) ይባላል።

ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ማዳበሪያ ሲሟሟበት ግን ያስተላልፋል። የሟሟው ማዳበሪያም ጨው ነው፤ ጨው በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። የሚለካውም በሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ነው።

እንጆሪ ጨው አይችልም። ቲማቲም 3 አካባቢ እየተሰጠው ደህና ያፈራል። ለእንጆሪ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ1 እስከ 1.6 ባለው ውስጥ ነው። ሥሩ አካባቢ ጨው ሲበዛ ተክሉ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ከረጢቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ የቅጠሉ ጠርዝ ይደርቃል፣ ፍሬውም ያንሳል። ይህን አይቶ "ምግብ አንሶት ነው" ብሎ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው ተክሉን ጭራሽ ይጎዳዋል።

ለዚህ ነው የሚገባውን ውሃ ብቻ መለካት የማይበቃው። ከከረጢቱ ሥር የሚንጠባጠበውንም ለኩ! እንዲያውም አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። በተለምዶ ከሚሰጠው ውሃ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ፈሶ እንዲወጣ ይደረጋል። የሚገባው 1.3 ሆኖ የሚወጣው 2.2 ከሆነ ጨው እየተጠራቀመ ነው። ፀሐይ በበረታበት ቀን ተክሉ ከምግቡ ይልቅ ውሃውን ስለሚጠጣ ይህ ቶሎ ይመጣል። ያኔ ምግቡን ማቅጠንና ውሃውን መጨመር ያስፈልጋል። የሚወጣው ውሃ ኢ.ሲ. ከሚገባው በጣም ካነሰ ደግሞ ተክሉ ርቦታል ማለት ነው።

ውሃው ራሱም ገና ማዳበሪያ ሳይገባበት ኢ.ሲ. አለው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ውሃው ከመነሻው 0.8 ከሆነ ለማዳበሪያው የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ባይካርቦኔቱም ፒ.ኤች.ን (የአሲድነት መለኪያውን ቁጥር) ሽቅብ ይገፋዋል፤ እንጆሪ ደግሞ የሚስማማው ከ5.5 እስከ 6 አካባቢ ነው። ከዚያ በጣም ሲወጣ ብረት መውሰድ ያቅተውና ለጋ ቅጠሎቹ ቢጫ ይሆናሉ።

ኢ.ሲ. መጠን እንጂ ዓይነት አይናገርም። ሶዲየምንና ካልሲየምን አይለይም። በደንብ ያልታጠበ አዲስ ኮኮፒት ሶዲየምና ፖታሺየም ይለቅቃል፣ ካልሲየሙን ደግሞ ለራሱ ይይዛል። መለኪያው ላይ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ የለጋ ቅጠሎቹ ጫፍ ግን ይጠቁራል። ስለዚህ ኮኮፒቱ እንጆሪው ከመተከሉ በፊት በካልሲየም ናይትሬት ተዘፍዝፎ ይታጠባል። ከዚያም በኋላ የሚወጣውን ውሃ አልፎ አልፎ ላቦራቶሪ አስመርምሩ። የትኛው ጨው እንደበዛ የሚታወቀው እዚያ ነው።