ማኒያክ ምንድን ነው?

ፖከር በተወራ ቁጥር ይቺ ቃል እንደ ስድብ ትወረወራለች። በመጥፎ ካርታ ያሸነፈ ሁሉ ማኒያክ ነው። ያናደደን ሁሉ ማኒያክ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ማኒያክን ማሸነፍ አይቻልም፣ ምን እንደሚያደርግ ራሱም አያውቅማ» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኔ እዚህ ላስ ቬጋስ ካርታ እያደልኩ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ዝም ማለት አቃተኝ።

ማኒያክ የሚባለው በየእጁ፣ ማለትም ካርታ በታደለ ቁጥር፣ የሚገባና በየእጁ ሬይዝ የሚያደርግ፣ ማለትም ውርርዱን ከፍ የሚያደርግ ሰው ነው። ሁለቱም መኖር አለባቸው። በየእጁ እየገባ ዝም ብሎ ኮል የሚያደርገው፣ ሌላው ያስያዘውን ያህል ብቻ የሚከፍለው፣ ሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። እሱን ጥሩ ካርታ ስትይዙ ራሳችሁ እያስያዛችሁ ታስከፍሉታላችሁ። ማኒያኩ ግን ሳትጠይቁት ያስይዝላችኋል። የእናንተ ሥራ መንገዱን አለመዝጋት ነው።

ደግሞ 20 እጅ አይታችሁ ስም አታውጡ። ደህና ተጫዋችም ለግማሽ ሰዓት ጥሩ ካርታ ሊዘንብለት ይችላል። መጨረሻ ላይ ካርታው ሲገለጥ ምን ይዞ እንደገባ እዩ። ከመጥፎም መጥፎውን፣ 7 እና 2 ይዞ ሬይዝ ካደረገ፣ ያኔ እንነጋገራለን።

አሁን ወደሚያናድደኝ ምክር ልምጣ። «እሱን ለማሸነፍ ታግሠህ ጥንድ ኤስ ጠብቅ» ይላሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠውን መነሻ ካርታ ማለታቸው ነው። ቴክሳስ ሆልደም ላይ (ለየሰው ሁለት የተደበቀ፣ ለሁሉም የጋራ አምስት ካርታ ያለው ፖከር) ጥንድ ኤስ የሚደርሳችሁ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው። በሰው በሚታደል ጠረጴዛ በሰዓት 30 እጅ ገደማ ይታደላል። ስለዚህ ከ7 ሰዓት በላይ ትቀመጣላችሁ ማለት ነው። በመሃል የግዴታ መነሻውን ገንዘብ እየከፈላችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁ ደግሞ ሰውየውን እየተካፈሉት። ኤሱ ሲመጣም ዋስትና የለውም። ከማንኛውም የዘፈቀደ እጅ ጋር ከ100 ጊዜ 85 ያህሉን ያሸንፋል። አምስት ጊዜ ኦል ኢን፣ ያላችሁን ሁሉ አስይዛችሁ፣ ብትገቡበት፣ ቢያንስ አንዱን የመሸነፋችሁ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። «አይቻልም» የሚለው ሰውዬ ያየው ይህችን አንዷን ይመስለኛል።

ጨረታ አስቡ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ለቀረበው ዕቃ ሁሉ እጁን ያወጣል። ተሰባሪ ወንበርም ቢሆን ዋጋ ይጨምራል። ይህን ሰው ዋጋ ሰቅሎ ማስደንገጥ ከንቱ ነው፤ ብለፍ፣ ማለትም ባዶ ይዞ ጥሩ ካርታ እንዳለ ማስመሰል፣ የማይሠራበት ለዚህ ነው። የሚያዋጣው ለእሱ መሸጥ ነው። ለመሸጥ ደግሞ አልማዝ እስኪገኝ አይጠበቅም። ደህና ወንበር ይበቃል። አልፎ አልፎ ዝገት የመሰለው ድስት ብር ሆኖ ይወጣለታል። የመጨረሻዋ ካርታ ተገልጣ ስታቃጥላችሁ ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ሌላም ሻጭ አለ፤ ቀድሞ የደረሰበት ይሸጥለታል። እስከዚህ ምሳሌው ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ግን ያነክሳል፤ በፖከር ሻጩም እንደ ገዢው እኩል ገንዘብ መሃል ላይ ያስቀምጣል።

ደህና ወንበር ስል ምን ማለቴ ነው? ኪንግና ጃክ ከዘፈቀደ እጅ ጋር ከ100 ወደ 60 ጊዜ ያሸንፋል። ጥንድ 9 ወደ 72። ጠንቃቃ ሰው ሬይዝ ሲያደርግ የምትጥሉት ኪንግና ጃክ፣ እዚህ የሚያተርፍ ካርታ ነው።

አንድ እጅ እንይ። የ1 እና የ3 ዶላር ጠረጴዛ ነው፤ ሁለት ሰዎች በግዴታ የሚያስቀምጡት መነሻ ነው። ማኒያኩ ካርታውን እንኳ ሳያይ 20 ዶላር አለ። እናንተ ከእሱ ቀጥላችሁ ተቀምጣችሁ ጥንድ 9 ይዛችኋል። ሬይዝ አድርጋችሁ 70 አደረሳችሁት። ሌላው ሁሉ ጣለ፣ እሱ ኮል አለ። መሃል ላይ 144 ዶላር አለ። ፍሎፑ፣ መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች፣ ኪንግ፣ 7፣ 2 ሆነ። ወዲያው 100 አስያዘ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ኪንግ ይዟል» ብሎ ይጥላል። ቆጠራው ግን ሌላ ይላል። እጁ በእውነት የዘፈቀደ ከሆነ ኪንግ የሚኖረው ከ8 አንድ ጊዜ ነው። ጥንድ ኤስን፣ ጥንድ 10ን፣ ሦስት 7ን፣ የሚቀድማችሁን ሁሉ ብትደምሩ ከ100 ወደ 16 ጊዜ ነው። ለመቀጠል የምትከፍሉት 100 ዶላር ደግሞ ከ100 ወደ 29 ጊዜ ብታሸንፉ ይመለሳል። ስለዚህ ኮል። ሬይዝ አይደለም፣ ኮል። ብትጨምሩበት ቆሻሻውን ይጥልና ኪንጉን ይዞ ይቀራል። ኮል ካላችሁ ግን በቆሻሻው እንደገና ያስይዛል።

«ምን እንደያዘ አይታወቅም» የሚለው ወዳጄ እውነቱን ነው። ማወቅም አያስፈልግም። አማካዩን ማወቅ ይበቃል፤ የእሱ ደግሞ ከማንም ሰው ይበልጥ ግልጽ ነው።

መቀመጫን በተመለከተ፣ ከተቻለ ማኒያኩ በቀኛችሁ ይሁን። ቀድሟችሁ ይወስናል፤ እናንተ ሬይዝ አድርጋችሁ ሌላውን ታባርራላችሁ። በግራ ይሻላል የሚሉም አሉ፣ ክርክሩ አላለቀም። ሌላውን ማባረሩ ግን ቀልድ አይደለም። ጥንድ ኤስ እንኳ አምስት ሰው ከገባበት ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ማስጠንቀቂያም ላክል፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ይህ ሁሉ የማትራቡበትን ገንዘብ ይዛችሁ ስትቀመጡ ነው። ትርፉ አለ፣ ግን እየዘለለ ነው የሚመጣው፤ የቤት ኪራይ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ጠረጴዛ ገደል ነው። ቤቱም ከየእጁ የራሱን ይቆርጣል። ውድድር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ቺፕሳችሁ ካለቀ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ መጨመር ሁልጊዜ አይቻልም፣ ስለዚህ ኪንግና ጃኩን አንዳንዴ ትተዉታላችሁ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ተሸንፎ ትምህርት የሚሰጠው ነው። «ወንድሜ፣ በ7 እና በ2 እንዴት ትገባለህ?» እያለ ያብራራለታል። ዲለር መሃል አይገባም፣ ዝም ብሎ ያድላል። ሰውየው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሰደበ ቺፕሱን ሰብስቦ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል። መምህሩ እዚያው ይቀራል፣ ከስምንት ጠንቃቃ ሰው ጋር ተፋጦ።