ታስሞታ፦ የስማርት ሶኬትና ማብሪያ ፈርምዌር መቀየር

ዋይፋይ ያለው ሶኬት ገዝቶ ለተጠቀመ ሰው አሠራሩ ትንሽ ያስቃል። ስልኩ ከሶኬቱ ሁለት ሜትር ቢርቅ ነው። ግን «አብራ» ሲባል ትዕዛዙ በራውተሩ በኩል ይወጣል፣ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ነው መብራቱ የሚበራው። ኢንተርኔት ሲጠፋ አፑ ድርቅ ይላል። ካምፓኒው ሰርቨሩን ከዘጋው ደግሞ ነገሩ ያከትማል። ይህ ደርሷልም። ሬቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ ኔስት በተባለ ካምፓኒ ከተገዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 አገልግሎቱ ሲቋረጥ፣ ብር ከፍለው የገዙት ሰዎች የማይሠራ ሳጥን ታቅፈው ቀሩ።

ከዚህ መውጫው ዕቃው ውስጥ ያለውን ፈርምዌር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አውጥቶ ሌላ መጫን ነው። ሞባይል ቤት ስልክ «ፍላሽ ሲደረግ» ያየ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይሆንበትም። እዚህ ግን ፍላሽ የሚደረገው ሶኬት፣ አምፖል ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

ነገሩ እንዲቻል ያደረገው አንድ ርካሽ ቺፕ ነው። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ በ2014 ያወጣው ኢኤስፒ8266 ዋይፋይም ፕሮሰሰርም በአንድ ላይ ይዞ መጣ፣ ዋጋውም የጥቂት ዶላር ነበር። የሸንዠኑ አይቲድ ይህን ቺፕ ከአንድ ሪሌይ (በቺፑ ትዕዛዝ መብራቱን ከሚያበራና ከሚያጠፋ ክፍል) ጋር ትንሽ ነጭ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ሶኖፍ ብሎ ሸጠው። በ2016 ቴዎ አረንድስ የተባለ ሆላንዳዊ ለዚሁ ሳጥን የራሱን ፈርምዌር ጽፎ በነፃ ለቀቀ። ዛሬ ታስሞታ የሚባለው እሱ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ የሚሠራውም ለሶኖፍ ብቻ አይደለም፤ የሌሎች አምራቾች ዕቃዎች በሺዎች ይቆጠራሉ።

ታስሞታ ብቻውን አይደለም። ኢኤስፒሆም አለ፤ በእሱ እያንዳንዱን ዕቃ በጽሑፍ ፋይል ትገልጹታላችሁ፣ ፕሮግራሙ ለዚያ ዕቃ ብቻ የሚሆን ፈርምዌር ይሠራላችኋል። ለኤልኢዲ ስትሪፕ ደግሞ ደብልዩኤልኢዲ የሚወዳደረው የለም። ለጀማሪ ግን እኔ ታስሞታን ነው የምመክረው፤ ሁሉም ነገር በብሮውዘር ይስተካከላል፣ ፋይል መጻፍ የለም።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያውን ሶኖፍ ቤዚክ እንውሰድ። ከኤሌክትሪክ ትነቅሉታላችሁ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ትከፍታላችሁ። ቦርዱ ላይ በመስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ 3.3 ቮልት፣ አርኤክስ (መቀበያ)፣ ቲኤክስ (መላኪያ) እና ግራውንድ። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኛቸው ዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ነው። የአንዱ ቲኤክስ ከሌላው አርኤክስ ጋር ይገናኛል፣ ማለትም ሽቦዎቹ ይጠላለፋሉ። ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው፣ ሁለቱን ማቀያየር ብቻ ይበቃው ነበር። አዳፕተሩ 3.3 ላይ መሆኑን አረጋግጡ፣ 5 ቮልት ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል። ከዚያ የሶኖፉን በተን ተጭናችሁ ይዛችሁ አዳፕተሩን ኮምፒውተሩ ላይ ትሰካላችሁ። በተኑ ጂፒአይኦ 0 ከሚባለው እግር ጋር ስለተያያዘ፣ ቺፑ ሲነሳ ያ እግር ግራውንድ ላይ ከሆነ የቆየውን ፕሮግራም ማስኬዱን ትቶ አዲስ ለመቀበል ይዘጋጃል። የቀረውን የታስሞታ ድረ ገጽ በክሮም ወይም በኤጅ ራሱ ይጭናል። ጠንቃቃ ሰው ግን መጀመሪያ የድሮውን ፈርምዌር ኢኤስፒቱል በሚባል ፕሮግራም ኮፒ አድርጎ ያስቀምጣል፤ የሶኖፉ ሜሞሪ 1 ሜጋባይት ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ቦታ አይፈጅም።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም። ሽቦዎቹ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘው ሳለ ዕቃውን 220 ቮልት ላይ መሰካት ክልክል ነው። የእነዚህ ቦርዶች ግራውንድ ብዙ ጊዜ ከመብራቱ መስመር አልተነጠለም፤ ኮምፒውተሩም ይቃጠላል፣ ሰውም ይሞታል።

ክዳን ሳይከፈት ፍላሽ የሚደረግበት ዘመንም ነበር። በ2018 መጨረሻ ጀርመን አገር በተካሄደ የሀከሮች ጉባኤ ላይ፣ ለብዙ ብራንዶች ዕቃና ክላውድ (በኢንተርኔት የሚሠራ ሰርቨር) የሚያቀርበው የቻይናው ቱያ ደህንነቱ የላላ መሆኑ በማስረጃ ታየ። ከዚያ ቱያ ኮንቨርት የሚባል መሣሪያ ወጣ። ራስፕቤሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የውሸት ዋይፋይ ይከፈታል፣ ሶኬቱ የካምፓኒው ሰርቨር መስሎት ይገባል፣ አዲሱን ፈርምዌር ይወስዳል። በቃ! ቱያ በኋላ ቀዳዳውን ደፈነው። አምራቾችም ቀስ በቀስ ኢኤስፒን ትተው እንደ ቤከን ባሉ ሌሎች ቺፖች መሥራት ጀመሩ፤ ታስሞታ ደግሞ እነሱ ላይ አይጫንም። ለቤከን ኦፕንቤከን የሚባል ሌላ ፈርምዌር አለ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማሸጊያውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ቺፕ ማጣራት ነው ቁም ነገሩ። ችግሩ፣ ያው ሞዴል ያው ካርቶን ሆኖ ውስጡ የተቀየረም ያጋጥማል።

ፍላሽ ካለቀ በኋላ ዕቃው በታስሞታ የሚጀምር ስም ያለው የራሱን ዋይፋይ ይከፍታል። በስልክ ገብታችሁ 192.168.4.1 ላይ የቤታችሁን ዋይፋይና ፓስወርድ ትሰጡታላችሁ። ኢኤስፒ8266 የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርትዝን ብቻ ነው፤ ራውተራችሁ 5 ላይ ብቻ ከሆነ አያየውም። ቀጥሎ የትኛው እግር ሪሌዩን፣ የትኛው በተኑን እንደሚይዝ ቴምፕሌት በሚባል አንድ መስመር ጽሑፍ ይነገረዋል። ለታወቁ ዕቃዎች ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ ኮፒ ፔስት ነው።

ከዚህ በኋላ ሶኬቱ በብሮውዘር ይታዘዛል። ብዙ ዕቃ ያለው ሰው ግን ኤምኪውቲቲን ይጠቀማል። ይህ በ1999 የነዳጅ ቧንቧ መስመሮችን በሳተላይት ለመከታተል የተሠራ ቀላል የመልእክት መለዋወጫ ዘዴ ነው። ሆም አሲስታንት ከሚባል የቤት ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጋር ሲገናኝ የቤቱ ዕቃ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ይሰበሰባል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ራውተሩ እስካለ ድረስ ይሠራል።

አገር ቤት ለሚጠቀም ሰው ማስተካከል ያለባቸው ነገሮች ትንሽ ይለያሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃው ምን ይሁን የሚለውን ፓወርኦንስቴት የሚባል የታስሞታ ሴቲንግ ይወስናል። 0 ከሆነ ጠፍቶ ይቆያል፣ 1 ከሆነ ይበራል፣ 3 ከሆነ ወደነበረበት ይመለሳል። ማንም ቤት በሌለበት ማሞቂያ ራሱን እንዳያበራ 0 ይሻላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ሴትኦፕሽን65 ነው። ታስሞታ በየጥቂት ሰከንዱ ደጋግሞ ጠፍቶ ከበራ «ባለቤቴ ሪሴት እያደረገኝ ነው» ብሎ ሴቲንጉን ሁሉ ያጠፋል። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ይህ ጣጣ ነው፤ ሴትኦፕሽን65ን 1 አድርጉት፣ ይተወዋል።

ሰዓትም አለ። ታይምዞን +3:00 ይደረጋል፣ የማታ 12 ሰዓት ተኩል ታይመር 18:30 ተብሎ ይሞላል። ዕቃው የራሱ ባትሪ ስለሌለው ሰዓቱን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱን አያውቅም፣ ታይመሩም ዝም ይላል። ሆም አሲስታንት ያለበት ኮምፒውተር ሰዓት እንዲያድል ማድረግ ይቻላል።

የጭነት ነገር አይረሳ። 10 አምፔር የሚችል ሶኖፍ በ220 ቮልት የሚሸከመው 2200 ዋት ነው፣ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል። ምጣድ ላይ እንዳትሞክሩት። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ሶኬትም ብዙው ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ጀርባውን ሳታነቡ እንዳትሰኩ።

ደህንነቱ ላይ ታስሞታ ፍጹም አይደለም። ገጹ የሚከፈተው ባልተመሰጠረ መስመር ነው፣ ፓስወርድም ካላደረጋችሁ የላችሁም፤ ለቤት ውስጥ ኔትወርክ ይበቃል፣ ራውተር ላይ ፖርት ከፍቶ ለውጭ ማጋለጥ ግን ሞኝነት ነው። ዋስትናውም ፍላሽ ባደረጋችሁበት ቀን ያበቃል ብላችሁ ቁጠሩ።

ሽቦና ካቻቢቴ ለማይወድ ታስሞታ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ሶኬቶችና አምፖሎች አሉ። የቡልጋሪያው ሼሊ ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ያለ ክላውድ ስለሚታዘዝ ፍላሽ ማድረግ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። ዋጋቸው ከተራው ቱያ ሶኬት ከፍ ይላል።