ዲስሌክሲያ በየዕድሜው የሚታይባቸው ምልክቶች

ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ የሰማውን ታሪክ አሳምሮ መልሶ ይተርካል፤ ያው ታሪክ በጽሑፍ ሲቀርብለት ግን በየቃሉ ይደናቀፋል። ችግሩ ቃላትን በትክክልና በፍጥነት ማንበብ ላይ ነው፤ ሲጽፍም ፊደል ይገድፋል። ከስንፍና ወይም ከማስተዋል ማነስ የመጣ አይደለም። ግምቱ እንደ መለኪያው ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ላይ እንደሚገኝ ይነገራል።

ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጣው ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ነው። በ1896 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ብሩህ ነው፣ በጨዋታም ከእኩዮቹ አያንስም፤ ማንበብ ግን አልሆነለትም። መምህሩ፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ቀዳሚው እሱ ይሆን እንደነበር ተናግሯል። ምልክት ለሚፈልግ ወላጅ ዛሬም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፦ ልጁ ሰምቶ በሚረዳውና አንብቦ በሚረዳው መካከል ያለው ርቀት።

በዚያ ዘመን ነገሩ የዓይን ጉዳይ ይመስል ነበር። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን በአብዛኛው ወደ ድምፅ ያመለክታሉ። ማንበብ ለመጀመር ቃል ከድምፆች የተሠራ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል፤ «ሰላም» ከሚለው ላይ «ሰ» ቢነሳ «ላም» እንደሚቀር ለመናገር እንደማለት ነው። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ብዙ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ፍንጮች ፊደል ከመቆጠሩ በፊት ከንግግር ሊገኙ ይችላሉ። አፍ የሚፈታው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ረዘም ያለ ቃል ሲናገር ድምፆቹን ያቀያይራል፤ «ቤት» እና «ሴት» ቤት እንደሚመቱ አይታወቀውም፤ የቀለማትን ስም ወይም የሳምንቱን ቀናት በቅደም ተከተል መያዝ ያቅተዋል። በዚህ ዕድሜ ይህ የስጋት ምልክት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ከወላጆቹ ወይም ከወንድም እህቶቹ አንዱ የማንበብ ችግር ካለበት ግን ፍንጩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ዲስሌክሲያ በዘር ይወረሳልና።

እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ትምህርት ሲጀመር ነው። ፊደላቱን ለይቶ ያውቅ ይሆናል፤ አገጣጥሞ ቃል ማድረግ ላይ ግን ይቆማል። የቃሉን መጀመሪያ አይቶ የቀረውን ይገምታል፤ ሥዕል ካለ ደግሞ ከሥዕሉ ያነባል። ከላይኛው መስመር ላይ ያነበበው ቃል ታች ሲመጣ አዲስ ይሆንበታል። አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። አንዳንዱ ልጅ መጽሐፉን በቃሉ ሸምድዶ ያነበበ ስለሚመስል መምህሩም ወላጁም ይታለላሉ፤ ቃላቱን ከቦታቸው አውጥቶ ለየብቻ ማስነበብ ይህን ቶሎ ያሳያል። የንባብ ሰዓት ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ማለትና ሽንት ቤት ማብዛትም ከጠባይ ጉድለት ከመቆጠሩ በፊት ሊመረመር ይገባል።

ፊደል ገልብጦ መጻፍ ግን ከሚገባው በላይ ይፈራል። እስከ 7 ዓመት ገደማ በብዙ ጤነኛ ልጆች ላይ የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ ብቻውን ምልክት አይባልም።

ልጁ ከፍ ሲል ምልክቱ መልኩን ይለውጣል። ቃላቱን በትክክል ማንበብ ይችል ይሆናል፤ ፍጥነቱ ግን አይመጣም። ጉልበቱ ሁሉ ቃል በመለየት ስለሚያልቅ የአንቀጹ ሐሳብ ያመልጠዋል። ስሌት የሚችለው ተማሪ በዓረፍተ ነገር በተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ ይሸነፋል፤ የውጭ ቋንቋም በተለይ ይከብደዋል። እዚህ ላይ የቋንቋው አጻጻፍ ልዩነት ያመጣል፦ እንደ ጣሊያንኛና ፊንላንድኛ ፊደልና ድምፅ በሚገጣጠሙባቸው ቋንቋዎች ጎልቶ የሚታየው ዝግታው ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ግድፈቱም ይበዛል። በቃል የሚሰጠው መልስ ከጽሑፍ ፈተና ውጤቱ በእጅጉ የሚበልጥ ተማሪ «አልጣረም» ከመባሉ በፊት ንባቡ ይለካ።

አዋቂዎች በአብዛኛው መደበቅን ተክነውበታል። በሰው ፊት ድምፅ አውጥተው ከማንበብ ይሸሻሉ፤ ቅጽ ወደ ቤት ይዘው ሄደው ይሞላሉ፤ አጭር ደብዳቤ ደጋግመው ያርማሉ። ብዙዎች ስለራሳቸው የሚያውቁት ልጃቸው ሲመረመር ነው።

ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ በማንም ላይ ሊታይ ይችላል። የሚያሳስበው ምልክቶቹ ሲደራረቡና ትምህርት እየተሰጠም ሲዘልቁ ነው፤ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ለምርመራ ውሳኔ ተገቢው ድጋፍ እየተሰጠ ቢያንስ 6 ወር የዘለቀ ችግር ይጠይቃል። ዓይንና ጆሮ አስቀድመው ይታያሉ፤ የትኩረት ማነስ ችግር አብሮ ሊኖር ስለሚችል እሱም ይፈተሻል። ድጋፉ ግን የምርመራውን ወረቀት መጠበቅ የለበትም። ፊደልን ከድምፅ ጋር ደረጃ በደረጃ፣ በግልጽና በድግግሞሽ የሚያስተምር ዘዴ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ሲሰጥ የበለጠ ይሠራል፤ «ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ከዚሁ ላይ የሚቀነስ ነው።