ሄሞዳይሉሽን ምንድን ነው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «ደም ማቅጠኛ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አስፕሪንን ወይም ዋርፋሪንን ነው። እነሱ ግን ስማቸው ነው እንጂ ደም አያቀጥኑም፤ እንዳይረጋ ነው የሚያደርጉት። ሄሞዳይሉሽን ግን የምር ማቅጠን ነው። የወፈረ ሽሮ ላይ ውሃ ጠብ እንደምናደርገው፣ ደሙ ላይ በደም ሥር ፈሳሽ ይጨመርበታል። ሁለቱን ማምታታት አደገኛ ነው። ድንገት መብረቅ የመታው ያህል ከባድ ራስ ምታት የያዘውን ሰው አስፕሪን አታስውጡት፣ ሆስፒታል አድርሱት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው የሚነሳውም እዚያው ላይ ነው። አንጎል ሥር ያለ አንድ የደም ቧንቧ ግድግዳው ይሳሳና እንደ ፊኛ ይነፋል፤ አኑሪዝም የሚባለው ይሄ ነው። ሲፈነዳ ደሙ በአንጎል ሽፋኖች መካከል ይፈስሳል። ሐኪሞች በክሊፕ ወይም በቀጭን የብረት ጥቅል ይደፍኑታል፣ ቤተሰብም «ተረፈልን» ብሎ እፎይ ይላል። ግን ገና ነው። ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ የፈሰሰው ደም ሲፈራርስ የሚለቃቸው ነገሮች ጤነኞቹን ቧንቧዎች ያኮማትሯቸዋል፣ እና ትናንት አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያወራ የነበረ ሰው ዛሬ ምላሱ ይተሳሰራል ወይም አንድ እጁ አልታዘዝ ይለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለዚህ የተያዘው መፍትሔ «ትሪፕል ኤች» ይባል ነበር፤ የደም ግፊትን ከፍ ማድረግ፣ የደም መጠንን መጨመር፣ ደሙን ማቅጠን። ቧንቧው ከጠበበ ቀጭን ደም ይሻላል ነው ሐሳቡ። ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ አድርገው በማሽን ሲያሽከረክሩት ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፣ ገለባ የመሰለው ፈሳሽ ከላይ ይቀራል። የቀዩ ድርሻ ሄማቶክሪት ይባላል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ40 እስከ 45 በመቶ አካባቢ ነው። ይህንን ወደ 30 እና 35 በመቶ መካከል ያወርዱት ነበር።

ሐሳቡ ያምራል። ደሙ በእርግጥም በቀላሉ ይፈስሳል። ግን ኦክሲጅን ተሸካሚው ያው ቀዩ ነው፣ እና እሱን ስትቀንሰው ፍሰቱ ቢጨምርም አንጎል ጋ የሚደርሰው ኦክሲጅን ሊያንስ ይችላል፤ ሽሮው ቀጥኖ ወረደ፣ ግን ሆድ አይሞላም። ለእኔ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፤ አንጎል የተራበው ኦክሲጅን እንጂ ፍሰት ብቻ አይደለም። ፈሳሹ ሲበዛ ደግሞ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ ልብም ይጨነቃል።

ስለዚህ ደም ማቅጠኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. የ2012 የአሜሪካ መመሪያ የደም መጠን ልኩ ላይ ይጠበቅ ብሏል፣ ግፊት ከፍ የሚደረገውም መኮማተሩ ምልክት ሲያሳይ ነው። እንዲያውም ጥያቄው ተገልብጧል፦ ቀዩ ሲወርድ ደም እንስጥ ወይ? በ2024 የታተመው ሳሃራ የተባለ ጥናት ይህንኑ በ742 ታማሚዎች ላይ ሞከረ። ከዓመት በኋላ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ቶሎ ደም ከተሰጣቸው 33.5 በመቶ፣ ቀዩ ይበልጥ እስኪወርድ ከተጠበቁት 37.7 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ግን ያሻላል ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር አይበቃም።

ዛሬ ታማሚው የሚሰጠው ኒሞዲፒን የተባለ መድኃኒት ነው፤ በየ4 ሰዓቱ 60 ሚሊግራም፣ ለ21 ቀን፣ ሌሊትም ከእንቅልፍ ተቀስቅሶ ጭምር። አልጋው አጠገብ የተሰቀለው ሳላይንም (ጨው ያለበት ፈሳሽ) ደሙን ለማቅጠን ሳይሆን ፈሳሽ እንዳያንሰው ነው።