በ1953ቱ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የተጫዋች ቅያሪ ሕግ ምን ይል ነበር?

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአንድን ትንሽ የአሜሪካ ኮሌጅ የፉትቦል ውድድር ዘመን የሚከታተል አንባቢ፣ ኳስ ይዞ ወደ ፊት የሚሮጠው ተጫዋች ተጋጣሚውን ይዞ በሚጥለው የመከላከል መስመርም ውስጥ ሲሰለፍ ሲያይ ግራ ሊጋባ ይችላል።

ከ1941 ጀምሮ ሕጉ ቅያሪን በሰፊው ስለፈቀደ፣ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ቡድን ለማጥቃት፣ ሌላውን ለመከላከል ማሰለፍን ለመዱ። ይህ ግን ብዙ ተጫዋችና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነበር። በመሆኑም በ1953 ሕጉ ጠበቅ ተደረገ፤ ከሜዳ የወጣ ተጫዋች በዚያው ሩብ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው አራት ክፍሎች በአንዱ) ተመልሶ እንዳይገባ ተከለከለ። አንባቢን ይበልጥ የሚያደናግረው ግን ልዩ ሁኔታው ነው፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ አራት ደቂቃዎች፣ ከዚያ በፊት የወጣ ተጫዋች እንዲመለስ ይፈቀድ ነበር።

ለምሳሌ እያንዳንዱ ሩብ 15 ደቂቃ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ሩብ አምስተኛ ደቂቃ ላይ የወጣ ተጫዋች እስከ ሁለተኛው ሩብ መጀመሪያ መጠበቅ ይገደዳል፤ በሁለተኛው ሩብ በዚያው ደቂቃ ላይ የወጣው ግን ሰዓቱ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሊመለስ ይችላል። አሠልጣኙ ኳሱ በተጋጣሚ እጅ በገባ ቁጥር አጥቂዎቹን ማስወጣት ስለማያዋጣው፣ እነዚያው 11 ሰዎች ይከላከሉ ነበር።

በእኔ እምነት ሕጉ ጥቂት ተጫዋች ላላቸው ኮሌጆች ፍትሐዊ ነበር፤ የተጫዋቾቹ ድካም ግን ቀላል አልነበረም። ገደቡ ደረጃ በደረጃ ላልቶ፣ ነፃ ቅያሪ በ1965 ተመለሰ።