ድጎማ ምንድን ነው? የዋጋ ተመንስ ለምን ድጎማ አይባልም?

አንድ ዜጋ የአገራችንን የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ፖሊሲ ለማቃናት ያዘጋጁትን ረዘም ያለ የሐሳብ ሰነድ ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከደብረ ማርቆስ አምጥቶልኝ አነበብሁት። ስለ ጤና መድንና ስለ ሥራ አጥ ወጣቶች ያነሡት ቁም ነገር አለው። «መንግሥት የጤፍን ዋጋ በኩንታል ተምኖ የከተማውን ነዋሪ ይደጉም» የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ግን፣ ይህንኑ አነጋገር ከብዙ ሰው ስለ ሰማሁት፣ ዝም ብሎ ማለፉ ከበደኝ።

ድጎማ ማለት አንድ ዕቃ ከሚያወጣው ዋጋ በታች ለተጠቃሚው ሲሸጥ ልዩነቱን መንግሥት ከካዝናው መክፈሉ ነው። ከፋዩ በሒሳብ መዝገብ ላይ ካልታየ ድጎማ የለም። ተመን ግን ልዩነቱን የሚያስከፍለው አምራቹን ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛ ስሙ ግብር ነው፤ ያውም በአዋጅ ያልወጣ፣ ደረሰኝም የማይቆረጥለት ግብር። ጎጃም በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ያመፀ አገር ነው፤ ያ ግብር እንኳ ስሙ የታወቀ ነበር።

ነገሩን በድግስ እንየው። ከራሱ ጎታ እህል አውርዶ፣ ጠላ አስጠምቆ እንግዳውን የሚያበላ ሰው ደጎመ ይባላል፤ ስንት ቁና እንደ ወጣ የቤቱ እመቤት ታውቀዋለች። የጎረቤቱን ጎታ ከፍቶ የሚደግስ ሰውስ? እንግዳው የሚመርቀው ደጋሹን ነው፤ የጎደለው ግን የጎረቤት ጎታ ነው። ጎረቤትየውም በሚቀጥለው ዓመት ጎታውን አሳንሶ ይሠራል፣ በሦስተኛው ዓመት ጤፍ ይዘራበት የነበረውን ማሳ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። በጎጃም በአዊ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ የእህል መሬት እየያዘ መምጣቱን ያየ ሰው ይህ ተረት እንዳልሆነ ያውቃል። ለዚያ የዋጋ ጉዳይ ብቻውን ምክንያት እንዳልሆነ፣ የአፈሩ አሲዳማነትም ድርሻ እንዳለው ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ሰነዱን ያዘጋጁት ሰው «ገበሬው በልጽጓል፣ የተራበው ከተሜው ነው» ይላሉ። የከተማው ደኻ መቸገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም መንገዱ በዚህ አገር ተሞክሯል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከየገበሬ ማኅበሩ እህል በተተመነ ዋጋ በኮታ ይረከብ ነበር፤ በጎጃም የግል ነጋዴው ከጅምላ እህል ንግድ ታግዶ ነበር። ምርቱ ለኮታው ያልበቃው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ያ ድጎማ ከተባለ ደጓሚው ገበሬው ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ ነው።

እውነተኛ ድጎማ ማየት የሚፈልግ የማዳበሪያን ሒሳብ ይመልከት። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መንግሥት ማዳበሪያን፣ ነዳጅን፣ መድኃኒትንና የምግብ ዘይትን እንደሚደጉም አስታውቋል፤ ይህ በበጀት የሚያዝ፣ ሊጠየቁበት የሚቻል ወጪ ነው። ለገበሬው ማዳበሪያ በሚያከፋፍል የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሒሳብ ክፍል ዓመታት እንደ ሠራ ሰው ግን ሁለት ነገር ልጨምር። ድጎማው የሚለካው በወረቀት ላይ ባለው ዋጋ ሳይሆን ገበሬው ከመጋዘን ሲወጣ በከፈለው ነው፤ በደላላ እጅ ካለፈ ደላላውን ደጉሟል። ክልሉ ለማዳበሪያ ብድር የሚገባው ዋስትናም ዕዳው ሳይመለስ ቀርቶ ከክልሉ በጀት እስኪቀነስ ድረስ ድጎማ አይባልም።

በአንድ ሰኔ አንድ አባት ብራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው መጋዘናችን ደጃፍ ቆመው ነበር። የዩሪያውን ዋጋ ስነግራቸው ቋጠሮውን እየፈቱ «ልጄ፣ ጤፌን የሚተምነው ሰው ይህንንም ይተምንልኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሰነዱን ያዘጋጁት ሰው ለከተማው ደኻ በእርግጥ ካሰቡ፣ ያንን ክፍል ሰርዘው ለተቸገረው ቤተሰብ በቀጥታ የሚደርስ ገንዘብ ብለው ይጻፉት፤ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መነሻ ይሆናቸዋል። ከጎኑም ስንት ቤተሰብ፣ በወር ስንት ብር፣ ከየትኛው የበጀት ርእስ የሚሉትን ያስፍሩ። ስሌቱን አብሬያቸው ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ።